ለቢጫዋ የሚሆን ሞተር

ጥር 10

ዛሬም ሞተር አልተመረጠም።

ቅዳሜ ነው፣ እንደ ልማዳችን ጋሼ ጋራዥ ዋልን። ጋሼ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ መካኒክ ነው። ስለ ራሱ ሲያወራ "ባለሙያው" ይላል። ባለሙያው ርቦታል። ባለሙያው ሊቀመጥ ነው፣ ወንበር። አባዬ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ ግን ትልልቁን ትቶ ቤት ተቀምጦ የሚጻፈውን ብቻ... "መግቢያ"፣ "መውጫ"፣ "ከውሻ ይጠንቀቁ"።

ቢጫዋ ጥግ ላይ ሸራዋን ለብሳ ቆማለች። ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቁመቷ እስከ ወገቤ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አባዬ ጎረምሳ ሳለ የገዛት ናት። ቀለሟን ራሱ ነው የበጠበጠው፣ የትም ሱቅ አይገኝም። ሞተሯ ነዶ ከወጣ ቆየ። ኮፈኗ ሲከፈት ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አፍ። (ጋሼን ማለቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጋሼን ማለቴ ነው።)

ለዛሬ የቀረበው ባለ አራት ፒስተን ነበር። በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ። ሙሽራ በለው።

"ይኼ ሲተኛ እንደ ሕፃን፣ ሲነሳ እንደ ነብር ነው" አለ ጋሼ።

አባዬ በምርኩዙ አንዴ ዞረው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

"ዘይት ይጠጣል።"

"ገና ሳይነሳ በምን አወቅህ?"

"ፊቱ ላይ ያስታውቃል።"

ፊቱ? ሞተር ፊት አለው እንዴ? የባለፈው ቅዳሜው "በጣም ከባድ" ነበር። ከዚያ በፊት ያለው "በጣም ቀላል፣ የልብስ ስፌት ሞተር"። አሁን ደግሞ ፊቱ። ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጣሪያው አየ።

"ስማ፣ ወንድሜ። ክረምት ሳይገባ ካልመረጥክ ቅርፏን ለጠየቀኝ ሰው እሰጣታለሁ። እኔ ጋራዥ እንጂ መቃብር አልከፈትኩም።"

ይሰጣታል? አይሰጣትም። ግን ዓይኑን አየሁት... ይሰጣታል።

ጥር 15

እቤታችን የማይጠራ ቃል አለ። እግር።

ማንም አልከለከለም። ግን አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቃሉ ከቤት ወጣ። እማዬ የተናጋውን የወንበር እግር "ያ የሚወዛወዘው" ትለዋለች። እግር ኳስ "ኳስ" ብቻ ሆነ። ትናንት ጋሼ ሊጠይቀን መጥቶ "በእግሬ ነው የመ..." ብሎ ጀመረና "በ... በዚያው በኩል ነው የመጣሁት" አለ። ሳቄን ለመደበቅ ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬም እዚያው ነበረች፣ አፏን በፎጣ ይዛ።

አባዬ ከወንበር ሲነሳ ደግሞ ሁላችንም ሌላ ቦታ እናያለን። እኔ መስኮት። እማዬ ድስት። ጋሼ ጣሪያ። ሲነሳ ሲያቃስት አንሰማም። እንዴት ያለ ጨዋ ቤተሰብ ነን!

ጥር 24

ዛሬ የማልቀልድበትን ነገር አየሁ።

ጋሼ ዕቃ ሊገዛ ወጣ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ካንዴላ እያጸዳሁ ነበር። አባዬ ብቻውን የቀረ መስሎት የቢጫዋን ሸራ ገፈፈ። ገባ። (መግባቱ ራሱ ስንት ጊዜ ፈጀ...) መሪውን ያዘ። ከዚያ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ላይ አስቀመጠው። እንደ ሰው ዕቃ አንስቶ። ገፋ... ፔዳሉ አልወረደም። እንደገና ገፋ። ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ትንሽ ወረደና ተመልሶ እግሩን ጣለው።

ከዚያ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት በመዳፉ ጠረገው፤ አቧራ ያልነበረበትን።

እና ገባኝ። ዘይት የሚጠጣ ሞተር የለም። ፊቱ የሚያስታውቅ ሞተር የለም። አንዱን መረጠ ማለት ሞተሩ ይገባል ማለት ነው። ገባ ማለት አንድ ቀን ሁላችንም ቆመን "በል ንዳት" እንለዋለን ማለት ነው...

ስሜ ምላሷ ነው፣ ጋሼ ያወጣልኝ። ዛሬ ምላሷ የምትለው አጣች።

የካቲት 8

ከየት ልጀምር?

ጋሼ ስድስት ፒስተን አመጣ። ብረት ቋሚ ላይ አስሮታል፤ ቤንዚኑ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ተንጠልጥሏል፣ ውኃው ከቧንቧ በጎማ ይገባል። ጩኸት ማፈኛ ማርሚታ የለው፣ ምን የለው። ራቁቱን።

"ጆሮሽን ያዢ" አለኝ። መች ሰምቼው! ሁለት ሽቦ አገናኘ።

መጀመሪያ አንድ ሳል። ከዚያ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? በጆሮ አይደለም የሚሰማው። በሆድ ነው። ወለሉ ላይ ያለው አቧራ መደነስ ጀመረ። የቀለም ጣሳዎች መደርደሪያው ላይ እየተጓዙ ጫፍ ደረሱ። የጎረቤት እርግቦች በሙሉ ተነስተው ሰማዩን ሞሉት። ጋሼ ነዳጁን በጣቱ ትንሽ ሳብ ሲያደርገው የኔ የጎድን አጥንት አብሮ ተሳበ። ይኼ ሁሉ ከአንድ ጠርሙስ ቤንዚን! ብረት ነው፣ የወደቀ ብረት፣ ትናንት ዝናብ ሲመታው የነበረ... ከየት አመጣው ይኼን ሁሉ?

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ፊቱ እንደ ልጅ ሆኖ። ጋሼም ሞተሩን ትቶ የአባዬን ፊት ነበር የሚያየው።

አጠፋው። ጸጥታው ራሱ ይጮህ ነበር።

"እህስ?" አለ ጋሼ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀለሙ... ከቢጫዋ ጋር አይሄድም።"

ጋሼ ጨርቁን ወረወረ። "ቀለሙ?! ኮፈን ውስጥ የሚደበቅ ሞተር ቀለሙ?! በቃ! ነገ ሰውየውን እጠራዋለሁ፣ መጥቶ ይውሰዳት! አንተ ሞተር አይደለም የምትፈልገው፣ አንተ ባለሙያውን መግደል ነው የምትፈልገው!"

"ልብህ ደስ ካለው ጥራው።"

"እጠራዋለሁ!"

"ጥራው!"

ሁለት ሽበታም ሰዎች። የሰፈር ልጆች ቢጣሉ ይሻላል። እና እኔ...

"ሞተሩ ምን አደረገ!" አልኩ። "ፍሪሲዮኑ ነው እኮ! እግሩ ፍሪሲዮን አይረግጥም!"

አልኩት። ቃሉን። ጮክ ብዬ።

አባዬ ምርኩዙን አንስቶ ወጣ። ማንም ጣሪያ አላየም። ሁላችንም አየነው፣ እስከ በሩ ድረስ።

የካቲት 9

አላናገረኝም። ሻይ ሳቀርብለት "አመሰግናለሁ" አለኝ። አባዬ እኔን! እንደ እንግዳ።

የካቲት 12

"አመሰግናለሁ።"

የካቲት 15

ብቻዬን ጋራዥ ሄድኩ። ጋሼ የስድስት ፒስተኑ ሞተር አጠገብ ተቀምጧል። ሰውየውን አልጠራውም። ልጠይቀው ፈራሁ፣ ከዚያ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?"

"ምኑን?"

"ታውቃለህ ምኑን።"

ካቻቢቴውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ። "ምነው፣ መካኒክ አይደለሁም እንዴ? የማይሠራ ነገር ሳይ አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ሞተር በሞተር ላይ ታመጣለህ?"

እኔን ሳያይ፣ ለሞተሩ እንደሚናገር...

"አንዱን በጣም ከወደደው ፍሪሲዮኑን ይረግጠዋል ብዬ ነዋ። እንዲያው የሚያምር ድምፅ ከሰማ... ይረሳዋል ብዬ።"

ባለሙያው። በዕድሜው አርባ ዓመት ብሎን ሲፈታ የኖረ ሰው፣ ሞተሩ በጣም ካማረ የወንድሙ እግር የሚድን መስሎት። ልስቅበት ፈለግኩ። አልቻልኩም። እንዲያውም ሄጄ ትከሻው ላይ ተደገፍኩ። ዘይት ዘይት ይሸታል።

"ሂጂ ወዲያ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል" አለኝ። ግን አልገፋኝም።

የካቲት 17

አክስቴ ለእራት መጣች። የእማዬ ታናሽ ናት፤ አሳንሰር ጠጋኝ። ሰው ፎቅ መሃል ተዘግቶበት ሲጮህ የምትጠራው እሷ ናት። በሩ ላይ ሸኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። የአባዬን ከንፈር ሳይቀር።

"ፍሪሲዮን ብቻ ነው ችግሩ?" አለች።

"ብቻ?!"

"እኔ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ከሌለው ሞተር ጋር ነው የምውለው" አለችና ጫማዋን አሠረች። "እሑድ አባትሽን አምጪልኝ። ለምን እንደሆነ እንዳትነግሪው። ካልቻልሽ ምላስሽን በማስቲሽ ለጥፊው።"

የካቲት 23

እሑድ። "አክስቴ ታፔላ ማሠራት ፈልጋለች" ብዬ ወሰድኩት። (ውሸት አይደለም። በኋላ አሠርታዋለች።)

ረጅም ፎቅ። በአሳንሰሩ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ አንድ ጠባብ ደረጃ። አባዬ ደረጃውን አየ፣ ምርኩዙን ወደ ግራ እጁ አዞረ፣ ብረቱን ይዞ ወጣ። እኔና አክስቴ ግድግዳውን እያነበብን። ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ላይ ትንሽ ክፍል አለች። መሃሏ ላይ አንድ ክብ ብረት፣ ከእማዬ ትልቁ ድስት ብዙም የማይበልጥ። በላዩ ወፍራም የብረት ገመዶች ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይወርዳሉ። እና... ምንም። ዝም።

"የታለ ሞተሩ?" አለ አባዬ።

"እየሠራ ነዋ" አለች አክስቴ።

አየሁ። ገመዶቹ እየሄዱ ነበር! ክቡ ብረት እየዞረ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ እንደ ውኃ። በጉድጓዱ ነፋስ ብቻ ሽው ይላል።

"ታች አሳንሰሩ ሰው ሞልቶበታል። አሁን እየጎተታቸው ነው።"

"ይኼ?"

"እሱ።"

አባዬ መዳፉን በማይዞረው የሞተሩ አካል ላይ አሳረፈ። ሞተሩ ሲቆም ሲነሳ፣ ሲቆም ሲነሳ። እኔም እጄን ከእጁ አጠገብ አኖርኩ። ሞቅ ያለ ነው። ልክ የተኛ ከብት ሆድ። ስንት ሰው ተሸክሞ፣ ምንም ሳይተነፍስ፣ ምንም ሳይመካ! ያኛው የጋሼ ሞተር ምድሩን አንቀጥቅጦ አንዲት እርግብ አላነሳም፤ ሁሉም የተነሱት በገዛ ክንፋቸው ነው። ይኼኛው ግን...

"ማርሽስ?" አለ አባዬ።

"አይፈልግም። እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ቢጫዋ ውስጥ ከገባ ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ እዚያው ይቀራል፤ ሦስተኛ ላይ አስገብተህ ትረሳዋለህ።"

ቀስ ብሎ፣ ገመዶቹን እያየ...

"ፍሪሲዮንስ?"

"የለውም።"

ገመዶቹ ሄዱ፣ መጡ።

"ጩኸቱስ?"

"ካማረህ መስኮት ከፍተህ ራስህ ጩህ" አለችው አክስቴ።

ሳቀ። አባዬ! ክፍሏ እስክታስተጋባ። ስንወርድ፣ በአሳንሰሩ ውስጥ፣ ጎኔን በክርኑ ነካ አደረገኝ። "ምላሷ" አለኝ።

"አመሰግናለሁ" አላለኝም። ተመስገን።

የካቲት 29

ጋሼ እንዴት እንደተቀበለው ልጻፍ? አልተቀበለውም።

"ወንድሜን አሳንሰር ውስጥ ልትከቺው ነው?"

"አይ፣ አሳንሰሩን እሱ መኪና ውስጥ" አለች አክስቴ።

"የማይጮህ፣ የማያጨስ፣ ዘይት የማይፈልግ... ይኼ ሞተር ነው ወይስ አማች?"

"አማች ይጮሃል" አለች እማዬ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

በመጨረሻ ያሸነፈው አባዬ ነው። "አንተ ካልገጠምከው" አለው፣ "ማንም እንዲነካት አልፈልግም።" ጋሼ እየተነጫነጨ ሜትር ሊያመጣ ሄደ። ለስድስት ፒስተኑ ሞተር ግን ሸራ አለበሰው። እንደ አስከሬን ነው ያለበሰው።

መጋቢት 13

የወደቁ መኪኖች ግቢ ሄድን። አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ኋላዋ በከባድ መኪና ተጨፍልቆ። ፊቷ ምንም አልሆነ። ሞተሯን አክስቴ በጎማ ጓንት ለካችው፣ ባትሪዎቿንም አንድ በአንድ። ጋሼን ሰዓቱንና የጋብቻ ቀለበቱን እንዲያወልቅ አዘዘችው፤ ኤሌክትሪክ ብረት ይወዳል አለች። ቀለበቱ እምቢ አለ። በሳሙና፣ በዘይት... "የባለሙያው ሚስት ብትሰማ! ስንት ዓመት የደከመችበትን በሳሙና ልታወልቂው!" አለ ራሱ። ወጣ በመጨረሻ። የጣቱ ላይ ነጩ ምልክት... ጋሼ ራሱ ገርሞት ሲያየው ቆየ።

መጋቢት 27

የኔ ሥራ፦ ካርቶን። ባትሪዎቹ ከባድ ስለሆኑ አስገብቶ ማውጣት የለም። እያንዳንዱን በልኩ በካርቶን ሠራሁና ቢጫዋ ውስጥ ደረደርኩ። ግማሹ አፍንጫዋ ውስጥ፣ ግማሹ ኋላ ሻንጣ ውስጥ። ሁሉንም ፊት ካደረግንላት ትሰግዳለች አለ ጋሼ። አባዬ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ "ባትሪ" ብሎ ጻፈ፣ በዚያ በሚያምር የታፔላ ጽሕፈቱ፣ ጥላ ሁሉ አድርጎ። ለሚጣል ካርቶን!

የአክስቴንም ታፔላ ጽፏል። "ከተዘጋብዎ አይጩሁ፤ ይደውሉ።"

ሚያዝያ 25

ዛሬ ተነሳች!!!

ወደ ኋላ።

መሪ ላይ የነበረው ጋሼ ነው፣ "ባለሙያው ይሞክራታል" ብሎ። አክስቴ "ቀስ ብለህ እርገጥ" አለች። ረገጠ። ምንም ድምፅ የለም። "አልሠራም" ሊል አፉን ሲከፍት ቢጫዋ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ የጎማ ክምሩ ውስጥ ገባች። አንድ ጎማ ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሌላው ብቻውን እየተንከባለለ መንገድ ወጣ።

"ወደ ፊት ማርሽ ነው ያስገባሁት!" እያለ ይጮሃል ጋሼ።

አክስቴ ጭንቅላቷን ያዘች። ሞተሩ ከነጯ መኪና ወጥቶ ፊቱን አዙሮ ነው የገባው፣ ስለዚህ ዙሩም ተገልብጧል። በኮምፒውተሯ ማስተካከል ነበረባት፣ አላሰበችውም። "እኔ የማውቀው ላይና ታች ነው" አለች። "ፊትና ኋላ አሳንሰር ላይ የለም!"

አባዬ የተንከባለለውን ጎማ ተከትሎ ሄደ። በምርኩዙ፣ እየሳቀ፣ ዕንባው እየወረደ። ቆመን እንዳየነው ያኔ ነው ያስተዋልኩት... ማንም ፊቱን አላዞረም።

ግንቦት 23

ዛሬ ጋሼ ፍሪሲዮን ፔዳሉን አወጣው። በቦታው ትንሽ የእንጨት መደገፊያ ሠራ፣ ስፖንጅ አድርጎ፣ ምንጣፍ አልብሶ። "ምንድን ነው?" አልኩት፣ እያወቅኩ። "ለ... ለዚያ ማሳረፊያ" አለ።

ሰኔ 7

ቅዳሜ። ዝናቡ ገና አልጀመረም።

አባዬ መሪ ላይ። ጎኑ እማዬ። ኋላ፣ ለሁለት ድመት በተሠራ ወንበር ላይ፣ እኔና ጋሼ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ በጣቷ ወደ ፊት ታመለክታለች፤ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት!

ግራ እግሩን አንስቶ በሁለት እጁ መደገፊያው ላይ አኖረው። ሁላችንም እያየነው። አልቸኮለም። በቀኙ ረገጠ።

መንገዱ ራሱ ከሥራችን የሚሳብ መሰለኝ። ምንም ድምፅ የለም! ጎማው አስፋልቱን ሲልሰው ብቻ... ከዚያ ዳገቱ መጣ። ያ የጭነት መኪናዎች የሚያለቅሱበት ዳገት። አባዬ ትንሽ ጨመረ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ ሆዴ ታች ቀረ፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ ፈሰሱ። ያለ ጩኸት! የማይታይ ትልቅ እጅ ከኋላ የሚገፋን ይመስላል። ጋሼ ክንዴን ጨምቆ ይዞታል። ቀና ብዬ አየሁት፣ አፉ ተከፍቷል። ጫፍ ላይ ከተማው በሙሉ ከሥራችን ተዘረጋ፣ ጣሪያው ሁሉ እያብለጨለጨ፣ እና የወፍ ድምፅ ይሰማ ነበር። እየሄድን! ወፍ!

አባዬ ወደ እማዬ ዘንበል አለ።

"ያኔ በወጣትነታችን፣ በዚች ዳገት ስንወጣ፣ እጅሽን እያወናጨፍሽ የሆነ ነገር ትዪኝ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ አልሰማሽም ነበር። እየዘፈንሽልኝ ነበር የሚመስለኝ።"

"ቀስ በል! ነበር የምልህ" አለች እማዬ።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ!"

"እኔ ደግሞ ደስ ብሏታል ብዬ እጨምር ነበር!"

ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ።

ጋራዥ ስንመለስ አክስቴ በሩን ከፈተችለት። ቢጫዋ መሬት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከእሷ መውጣት ለጤነኛም ፈተና ነው። አባዬ ሞከረ። ተመልሶ ተቀመጠ። እና እኛ፣ ከልማድ... እኔ መስኮት፣ ጋሼ ጣሪያ፣ እማዬ ቦርሳዋን።

"ምንድን ነው እዚያ ላይ የምታዩት?" አለ አባዬ። "እግሬ አልነሳ ብሎኛል! ጎትቱኝ እንጂ!"

እግሬ አለ። ራሱ።

ጋሼ በአንድ ክንዱ፣ እኔና እማዬ በሌላው። ጎተትነው። ሦስታችንም፣ እየተንገዳገድን። ጋሼ "ሦስት ፒስተን ብቻ ነው የሚሠራው፣ አንዱ ሞቷል" እያለ፣ አባዬም "ዘይት ጨምሩ!" እያለ። ቆመ። ምርኩዙን ማን ይዞት እንደሆነ ማንም አላወቀም። የጋሼ ትከሻ ላይ ተደግፎ ገባ፣ ዘይቱ ልብሱን እያቆሸሸው።

ማታ እራት ላይ ያ የሚወዛወዘው ወንበር እንደገና ከእማዬ ሥር ከዳት።

"የዚህ ወንበር እግር!" ብላ ጮኸች። "አንድ ሰው አይጠግነውም?"

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። "አምጪው" አለ። "ልምድ አለኝ።"